ወደ ሆሳዕና የተደረገ ጉዞና የአንድ ብርጭቆ ወተት ነገር

መንገደኛ ከሩቅ አገር ሲመለስ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ተራራውና ስለ ወንዙ፣ ስለ ከተማው ሕንፃና ስለ ሕዝቡ ልማድ ነው። እኔም ባለፈው ኅዳር ወደ ሆሳዕናና ወደ ከምባታ አገር ስሄድ ያሰብሁት ይህንኑ ለመመልከት ነበር። ነገር ግን ሁሉን አይቼ ስመለስ በልቤ ጎልቶ የቀረው አንድ ትንሽ የቤት ጉዳይ ሆነ። እርሱም ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ቤተ ሰብ ለልጁ የትኛውን ወተት ቢገዛ ይሻላል? የሚለው ጥያቄ ነው። ነገሩ ለብዙ ክርስቲያን ቤት የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየኝ ከጉዞው ታሪክ ጋር አያይዤ ለአንባብያን አቀርበዋለሁ።

የሄድሁበት ምክንያት የክርስትና ልጄን ለመጠየቅ ነበር። ሕፃኑን ከሦስት ዓመት በፊት በ40 ቀኑ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ወላጆቹ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ይኖሩ ነበር፤ በኋላ ግን አባቱ በመምህርነት ሥራ ወደ ሆሳዕና ስለ ተዛወረ እኔም ልጁን ሳላየው ዓመታት አለፉ። የክርስትና አባት መሆን በጥምቀቱ ቀን መቆም ብቻ እንዳልሆነ ኅሊናዬ ሲወቅሰኝ ቆይቶ በመጨረሻ ተነሣሁ። ባዶ እጄን እንዳልሄድም 400 ግራም የሚመዝን አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት ገዛሁ። በቆርቆሮው ላይ በለምለም መስክ የቆመች አንዲት የሰባች ላም ተሥላለች። ስጦታዬ መልካም መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከአዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በዓለም ገና ወጥቶ፣ የጥንቱን የጢያን ትክል ድንጋዮች በጎን ትቶ፣ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከቡታጅራ ወዲያ የአገሩ መልክ ይለወጣል። በየቤቱ ጓሮ እንሰት ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ እንደ ጥላ ይታያል፤ ከእንሰቱ አጠገብ ጎመን፣ ከጎመኑ ወዲያ የታሰረች አንዲት ላም አትታጣም። እንሰትና ላም በዚህ አገር እንደ ባልና ሚስት ናቸው። የላሚቱ ፍግ እንሰቱን ያለመልማል፤ የእንሰቱ ቅጠል ደግሞ በበጋ ላሚቱን ይመግባል።

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ነፋሻ ከተማ ናት። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር። የዛሬው ስሟ የመጣው ከበዓለ ሆሳዕና ሲሆን፣ ስሙን ያወጡላትም ራስ አባተ ቧያለው እንደ ሆኑ ይነገራል። የቀድሞው ስም ግን አልጠፋም፤ በከተማይቱ ያለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ይጠራል። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ስለ ሆነች ሕንፃዋም ሕዝቧም እየበዛ ነው።

የሐዲያ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ከብት ወዳድ ነው። ቀድሞ ከብቱ መቶ የደረሰለት ሰው ድግስ ደግሶ በማዕረግ ይጠራ ነበር ይባላል። ወተትን በቋንቋቸው አዶ፣ እንሰትን ዌሳ ይሉታል። ሁለቱ የሚገናኙበት የክብር ምግብም አታካና ነው፤ ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ ተሠርቶ ለእንግዳና ለአራስ የሚቀርብ ነው። አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ለእንግዶቹ ቅቤና ወተት እንዳቀረበ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፎ እናነባለን። እንግዳን በወተት ማክበር እንግዲህ የዚህ አገር ሰው ከአበው ጋር የሚተባበርበት ልማድ ነው።

ወደ ክርስትና ልጄ ቤት የደረስሁት ጾመ ነቢያት ከገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ልጁ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ሆኖ አየኝ። ሦስት ዓመት እንደ ሞላው አውቃለሁ፤ ቁመቱ ግን ሁለት ዓመት የሞላው ያስመስለዋል። ክንዱ ቀጭን ነው፤ ጨዋታም አያበዛም። እናቱ ማዕድ አቀረበች። ቆጮና ጎመን ነበር፤ ልጁም ከእኛው ጋር ያንኑ በላ። ከምሳ በኋላ ስጦታዬን አውጥቼ ብሰጣት አመሰገነችኝና ቆርቆሮውን ወደ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

«አበ ልጄ ሆይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ። «ነገር ግን ጾሙ ከገባ ወዲህ የወተቱን ድስት አጥቤ ሰቅዬዋለሁ። የጾሙና የፍስኩ ዕቃ እንዳይቀላቀል ብዬ ነው። እስከ ገና ድረስ ይቀመጥለታል።»

ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና ደግሞ «ከገና በኋላም ቢሆን ኪሳችን ትንሽ ነው። ዘወትር ልንገዛው የምንችለው የትኛውን ወተት ነው? የቆርቆሮውን ነው ወይስ የገበያውን? እስቲ ይንገሩኝ» ብላ ጠየቀችኝ።

ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ከአባቱ ጋር ወደ ገበያ ወጣሁ፤ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዪቱም ዘንድ ገብተን ጠየቅን። እርስዋም አስቀድማ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችን። ቆጮ ኃይል ሰጪ ምግብ ነው፤ ለብዙ ሚሊዮን ሕዝብም የድርቅ ዘመን መድኅን ሆኖ የኖረ ነው። ነገር ግን ገንቢው ነገር፣ ማለት ፕሮቲኑ፣ እጅግ ጥቂት ነው፤ በ100 ግራም ቆጮ ውስጥ 2 ግራም እንኳ አይሞላም። አዋቂ ሰው ብዙ በልቶ፣ ባቄላና አተር ጨምሮ ጉድለቱን ይሞላዋል። የትንሽ ልጅ ሆድ ግን ትንሽ ስለ ሆነ ቆጮው ብቻውን ያጠግበዋል እንጂ አያሳድገውም። አባቶች እንሰቱንና ላሚቱን በአንድ ጓሮ ማኖራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም ማለት ነው፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከ100ው 37ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ስሰማ የክርስትና ልጄ ቀጭን ክንድ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ወደ ገበያው ሄድን። የሆሳዕና ገበያ ለተመልካች ደስ ያሰኛል። ሴቶቹ ቅቤውንና አይቡን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ወተቱንና አሬራውን በቅልና በጀሪካን ይዘው ይቀመጣሉ። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ወንጌላውያንና ሙስሊሞች ስለ ሆኑ በጾማችን ወራት እንኳ ወተት ከገበያው አይጠፋም፤ ጾመኛው ግን ስለማይገዛ ፈላጊው ይቀንሳል፤ ዋጋውም ይላላል።

በዚያ ቆመን መምህሩና እኔ እርሳስና ወረቀት አውጥተን ሒሳብ ሠራን። ከአንድ ሊትር የላም ወተት 32 ግራም ገደማ ገንቢ ነገርና ለአጥንትና ለጥርስ የሚሆን ከ1,100 ሚሊግራም የማያንስ ካልሲየም ይገኛል። የሦስት ዓመት ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ገንቢ ነገር 13 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ሩብ ሊትር የሚይዝ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ስለሚሰጥ ከዕለት ፍላጎቱ ከግማሽ በላይ ይሸፍንለታል። የዱቄቱን ወተት ያየን እንደ ሆነ ለአንድ ሊትር 130 ግራም ገደማ ይበጠበጣል። እንግዲህ 400 ግራም የሚመዝነው ቆርቆሮ የሚያወጣው 3 ሊትር ወተት ብቻ ነው። የቆርቆሮውን ዋጋ ለሦስት ከፍሎ ከገበያው የአንድ ሊትር ዋጋ ጋር ማስተያየት ለማንም እናት የሚቻል ሒሳብ ነው። እኔ በከፈልሁት ዋጋ በዚያ ገበያ ከእጥፍ በላይ ወተት ይገዛ ነበር። አፈርሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም የማላይ የሚለው ተረት በቆርቆሮው ላይ ተሥላ በነበረችው ላም ደረሰብኝ።

ይህን ማለቴ የዱቄት ወተትን ለመንቀፍ አይደለም። ላም በሌለበት ስፍራ፣ ወተት ቶሎ በሚበላሽበት ቆላ፣ ንጹሕ ውኃም በሚገኝበት ቤት የራሱ ጥቅም አለው። ሲገዙት ግን በላዩ የተጻፈውን ማንበብ ያሻል፤ የወተቱ ቅባት ወጥቶ በአትክልት ዘይት የተተካበት፣ ስኳርም የበዛበት ዓይነት አለና። ወፍራሙ የጣሳ ጣፋጭ ወተት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ስኳር ስለ ሆነ የልጅ ምግብ ነው ሊባል አይገባውም። በፋብሪካ ሞቆ የታሸገው ወተት ንጹሕና የታመነ ነው፤ ለማሸጊያውና ለማጓጓዣው የሚከፈለው ዋጋ ግን በገዢው ላይ ይወድቃል። እንዲህ ሲመዘን ለመምህሩ ቤት የሚሻለው ከአንዲት የታወቀች ወተት ሻጭ በወር ኮንትራት ጥቂት ጥቂት እየገዙ፣ በቤት አፍልቶ ለልጁ መስጠት ሆኖ ተገኘ። ደንበኛ መያዝም ከውኃ ከተቀላቀለ ወተት ያድናል፤ ዛሬ ሸጣ ነገ የማትገኝ ሰው እንጂ በየወሩ ሒሳብ የምትቀበል ሴት ስሟን ታከብራለችና።

የገንዘቡ ጥያቄ በዚህ ቢመለስም የድስቱ ጥያቄ ግን ቀርቶ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታቸውን ይዘን ወደ ቤት ገባን፤ እናቲቱም ነገሩን ገልጣ ጠየቀቻቸው። ካህኑ ልጁን ጠርተው ባረኩትና እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ጾም በሕፃን ላይ የተጫነ ቀንበር አይደለም። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የጾም ግዴታ የለበትም። አንቺ ዕቃሽን መለየትሽ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ኩባያ ለብቻ አድርጊለት እንጂ በእኛ ጾም እርሱን አታስርቢው። እኛ ከጥሉላት የምንከለከለው ሥጋችንን ልናደክም ነው፤ የእርሱ ሥጋ ግን ገና እየተሠራ ነው።»

እናቲቱ እንባዋ መጣ። ካህኑ ከሄዱ በኋላ መምህሩ በወረቀቱ ላይ ሌላ ሒሳብ ሠርቶ አሳየኝ። ምእመናን በዓመት የሚጾሟቸው የታወቁት ቀኖች ቢቆጠሩ ከ180 አያንሱም። ድስቱ በጾም ሁሉ የሚሰቀል ከሆነ ልጁ ካለፈው ዓመት ግማሹን ያህል ያለ ወተት አሳልፏል ማለት ነው። ይህም የሆነው በንፉግነት ወይም ልጅን ባለመውደድ አይደለም። ሥርዓትን በማክበርና ነገሩን ካህን ሳይጠይቁ በመቅረት ብቻ ነው። ስለ ነፍሰ ጡር፣ ስለምታጠባ እናትና ስለ በሽተኛም ቢሆን እንዲሁ የንስሐ አባትን ማማከር ይገባል።

በማግሥቱ የልጁን አያት ለመጠየቅ ሁላችንም ወደ ከምባታ ወረድን፤ እናቲቱ የዱራሜ አካባቢ ተወላጅ ናትና። መንገዱ በአንጋጫ ተራሮች መካከል ያልፋል። ምድሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሠራ፣ ሰውም እጅግ የበዛበት ነው፤ ባዶ የሚባል መሬት በዓይን አይታይም። ከዱራሜ በላይ የሐምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ወደ ራሱ ለሚወጣ ጎብኚ 777 ደረጃዎች ተሠርተውለታል። እኔ ዕድሜዬ ስላልፈቀደልኝ ከታች ሆኜ አየሁት።

አያቲቱ አንዲት ላም አላቸው። አማርኛ ጥቂት ስለሚያውቁ ልጃቸው እያስተረጎመች ተጫወትን። ስለ ዊጆ ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው። ዊጆ በሐዲያና በከምባታ ሴቶች ዘንድ የቆየ ማኅበር ሲሆን እንደ ዕቁብ ያለ ነው፤ የሚሰበሰበው ግን ገንዘብ ሳይሆን ወተት ወይም ቅቤ ነው። የአንዲት ላም የዕለት ወተት ለብቻው ቢናጥ የሚወጣው ቅቤ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ጎረቤቶች የየበኩላቸውን እየለኩ ለባለ ተራዋ ይሰጧታል። እርስዋም በተራዋ ሙሉ እንስራ ትንጣለች። ቅቤውም ለመስቀል በዓል፣ ለሠርግ፣ ለልጅ የትምህርት ወጪም ይሆናል።

«አሬራውንስ ምን ያደርጉታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ጾም አይደለም ወይ? ማን ይጠጣዋል? ለጎረቤት ልጆች እሰጠዋለሁ፤ የተረፈውንም ጥጃው ይጠጣዋል» አሉኝ።

ለጎረቤት መስጠታቸው ጽድቅ ነው። ነገር ግን የገዛ ልጃቸው ልጅ በሆሳዕና ያለ ወተት ሲከርም ጥጃው አሬራ መጠጣቱን ሳስብ ዝም ለማለት አልተቻለኝም። ወተት ሲናጥ ከቅቤው ጋር የሚወጣው ቅባቱና በቅባቱ ያለው ቫይታሚን ኤ ነው። ገንቢው ነገርና ካልሲየሙ በአሬራው ውስጥ ይቀራል። ቅቤው ወደ ገበያ ሄዶ ገንዘብ ይሁን፤ አሬራው ግን ውድቅ አይደለም፤ የድኻ ቤት ሀብት ነው። በአሬራው የጎደለውንም ቫይታሚን ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ይሞሉታል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ቅባቱ ያልወጣለት ሙሉ ወተት ይሻለዋል።

አሬራው በእሳት ሞቆ ሲረጋም አይብ ይሆናል። አንድ ኪሎ አይብ ለማግኘት 8 ሊትር ገደማ ወተት ይጠይቃል፤ በ100 ግራም አይብ ውስጥም 15 ግራም ያህል ገንቢ ነገር አለ። ስለዚህ የአንድ ኪሎ አይብ ዋጋ ከአራት ሊትር ተኩል ወተት ዋጋ በታች በሆነበት ቀን አይቡን መግዛት ያተርፋል። ካልሲየሙ በከፊል ወደ አጓቱ ስለሚሄድ አጓቱንም መድፋት አይገባም። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው ደግሞ እርጎ ይስማማዋል፤ ሲረጋ የወተቱ ስኳር ይቀንሳልና።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ብዙ ሰው ጥሬ ወተት ይጣፍጣል፣ ያበረታልም ይላል። ነገር ግን ካልፈላ ወተት የከብት ሳንባ ነቀርሳና ውርጃ የሚያመጣው የከብት በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ዕቃውን በወይራ ማጠን መልካም ሽታ ይሰጣል እንጂ የማፍላትን ሥራ አይሠራም። በሆሳዕና ከፍታ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ይህም ወተቱን ለማጽዳት ይበቃል። እርጎ የምትፈልግ እናት ወተቱን አስቀድማ አፍልታ፣ ለብ ሲል ከቀድሞው እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምራ ታርጋው። አሬራውንም ለትንሽ ልጅ ስትሰጥ አይቡና አጓቱ እስኪለያዩ ድረስ በደንብ ብታሞቀው ይበልጥ የታመነ ይሆናል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ አያሻውም፤ ከዚያም በኋላ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ጡቱ ሳይቋረጥ ሌላው ምግብ ይጨመርለት።

ይህን ሁሉ ልጃቸው ካስረዳቻቸውና የካህኑን ቃል ከነገረቻቸው በኋላ አያቲቱ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተነሡ። እሳቱን አቀጣጠሉ፤ ከግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ ድስት አውርደው አጠቡና የጠዋቱን ወተት አፈሉ። ልጁ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጦ አረፋው ሲነሣ ያይ ነበር። ወተቱ ሲበርድለት ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ሳያርፍ ጠጣው፤ ከንፈሩም ነጭ ሆኖ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። በመጣሁ በአራተኛው ቀን ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኛ ጾመኞቹ ቆጮአችንን በጎመን በላን፤ ከዚያ የሚበልጥ ማዕድም አላሰኘኝም።

ስንመለስ አያቲቱ አይብ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ሰጡን፤ ወደ ሆሳዕና የሚመጣ ዘመድ በተገኘ ቁጥርም እንደሚልኩ ቃል ገቡ። መምህሩ ከወተት ሻጪቱ ጋር ለቀን ሩብ ሊትር ኮንትራት ተዋዋለ። ቆርቆሮውም አልተጣለም፤ ገበያው ወተት ባጣ ዕለት እንዲያገለግል ተከፍቶ በቦታው ተቀምጧል።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፣ በየቤታችን የጾሙ ድስት በሚወጣበት ዕለት ለሕፃኑ የምትሆነው ትንሺቱ ድስት አብራ መውጣቷን እንመልከት። ገንዘባችን ጥቂት ቢሆን ከሩቅ የመጣውን ከመመኘታችን አስቀድመን በጎረቤታችን ደጅ የታሰረችውን ላም እንጠይቅ። ሕፃናትን አቅርቦ የባረከ አምላክ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። አሜን።